ወጨጫን በአንድ ቀን፦ በሱባ ደን ወጥቶ ሳይመሽ ለመመለስ

አዲስ አበባ ላይ ከፍ ካለ ፎቅ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ፣ ፀሐይ የምትጠልቅበትን አቅጣጫ የያዘ ሰፊ ተራራ ይታያችኋል። ወጨጫ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር፤ እሳቱ ከጠፋ ግን እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የመናገሻ ሱባ ደን ያለው በዚህ ተራራ ጎን ላይ ነው። ጠዋት ከከተማ ወጥቶ፣ በደኑ አልፎ፣ ጫፉን ነክቶ፣ ራት ቤት መብላት ይቻላል። ቀኑ በደንብ ከታሰበበት ማለቴ ነው።

ይህን የምጽፈው ለጀማሪ ነው። ጤነኛ ለሆነ፣ እንጦጦን ወጥቶ ለሚያውቅ፣ ግን ሙሉ ቀን ተራራ ላይ ውሎ ለማያውቅ ሰው።

መጀመሪያ የመመለሻውን ሰዓት ቁረጡ

ጉዞ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ሰዓት እንነሳ?" የሚለው ነው። እኔ የምመክረው ከመጨረሻው መጀመር ነው። ስንት ሰዓት ላይ ደኑን ለቅቀን መውጣት አለብን? ይህ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይመጣል።

እኛ አገር ምሽት አያስጠነቅቅም። በኅዳር ፀሐይ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳታልፍ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ደን ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሜዳው ላይ ገና ብርሃን ሳለ ዛፍ ስር ድንጋዩና ሥሩ አይለይም። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ የደኑ ግቢ ውስጥ መገኘት አለባችሁ። ቀሪው ሁለት ሰዓት ለኮረኮንች መንገዱ፣ ለተነፈሰ ጎማና ለሰበታ የመኪና ሰልፍ ይሁን።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። መውረጃው 3 ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ያዙ። እንግዲያው 7 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ጫፍ ብትደርሱም ባትደርሱም። ይቺ የ7 ሰዓት ነገር የጉዞው ሁሉ ቁልፍ ናት። ማታ በቡድናችሁ ቴሌግራም ላይ ጻፏት፤ ጠዋት መኪና ውስጥ ሁሉም "እሺ" ይበል። ጫፉ "እዚያ ጋ" እየታየ፣ ላብ እየወረደ፣ አንዱ "ሃያ ደቂቃ ብቻ!" ሲል ክርክር መጀመር አያዋጣም። የዚያ ሃያ ደቂቃ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ነው።

የመውጫውን ጊዜ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። ዊልያም ኔይስሚት የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ትደምራላችሁ። ለምሳሌ ካርታው 7 ኪሎ ሜትር ቢያሳይና ከምትነሱበት እስከ ጫፉ ያለው ልዩነት 900 ሜትር ቢሆን፣ ለርቀቱ 84 ደቂቃ፣ ለሽቅቡ 90 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል። ግን ስሌቱ ለእረፍት፣ ለፎቶ፣ ለጫማ ማሰሪያና ለስስ አየር ቦታ አይሰጥም። በእኛ ከፍታ ላይ ግማሹን ጨምሩበት። 3 ሰዓት ያለው 4 ሰዓት ተኩል ይሁን።

ሲጠቃለል ቀኑ እንዲህ ይመስላል፦

12 ሰዓት ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ መነሳት
2 ሰዓት ላይ ደኑ ግቢ መድረስ፣ መመዝገብና መክፈል
2፡30 መራመድ መጀመር
7 ሰዓት የትም ቢሆኑ መመለስ
10 ሰዓት ግቢ
12 ሰዓት ቤት

"12 ሰዓት ተኩል እንገናኝ" ከተባለ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ እንደምትነሱ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የቀጠሮውን ሰዓት 11፡15 በሉት። እንቅልፋሙን ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀድማችሁ ቀስቅሱት።

ወቅቱን መምረጥ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ጫፉ ላይ ሩቅ ይታያል። ጠዋቱ ግን ይቆረጥማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሊኖር ይችላል። የመስከረም መጨረሻ በአበባው ያምራል፤ ጭቃው ግን ገና አልደረቀም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጠዋቱ ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባትሄዱ ይሻላል። ዱካው ጅረት ይሆናል፣ መኪናው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ጉሙ ወርዶ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ይሸፍነዋል።

ከበዓላትና ከቅዳሜና እሁድ ውጭ መሄድ ከቻላችሁ ደኑ የእናንተ ነው። እሁድ ብዙ የሃይኪንግ ቡድን ይወጣል። ጫጫታ ባለበት እንስሳ አይታይም።

መጠየቅ፣ ማስፈቀድ፣ መመዝገብ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ። ሰበታ የሚኖር ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ለእሱ ደውሉ፤ በቅርብ የሄደ የጉዞ ቡድን ካለ አናግሩ። "ባለፈው ወር ሄጄ ምንም አልነበረም" የሚለው መልስ በቂ አይደለም። የዚህን ሳምንት ነው የምትጠይቁት። መልሱ ካላማራችሁ ቀኑን ቀይሩ። ተራራው የትም አይሄድም።

ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው። መግቢያ ይከፈላል፤ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ። "ቴሌብር አለኝ" ብላችሁ ብትሄዱ ኔትወርክ በሌለበት ግቢ ጥበቃው ፊት ስልካችሁን ወደ ሰማይ ስታነሱ ትውላላችሁ።

የአካባቢ አስጎብኚ ወይም የደን ጥበቃ ይዛችሁ ውጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ይህ የግድ ነው ባይ ነኝ። ደኑ ውስጥ የእንጨት ለቃሚ ዱካ፣ የከብት ዱካና የእግረኛ ዱካ ይተላለፋሉ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ለከብት የተሠራው ዱካ የሚያደርሳችሁ ወደ ሣር እንጂ ወደ ጫፍ አይደለም። ሂሳቡን ጠዋት ተነጋገሩ፤ ለአንድ ሰው ነው ለቡድን፣ ምሳ ይጨምራል አይጨምርም፣ ሁሉም ከመነሳታችሁ በፊት ይለቅ። ለእሱም ምሳና ውሃ ያዙለት። የ7 ሰዓቱን ውሳኔም ንገሩት፤ ሰዓቱን ከእናንተ ይልቅ እሱ ያስከብራል።

መንገዱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። "መናገሻ" ሲባል በአምቦ መንገድ ያለችው የመናገሻ ከተማ አለች። የሱባ ደን ግቢ የሚገባበት የተለመደው መንገድ ግን በጅማ መስመር፣ በሰበታ በኩል ነው። ለሾፌሩ "መናገሻ" ብቻ ካላችሁት ተራራውን በሌላ በኩል ልትዞሩት ትችላላችሁ። "ሱባ ደን፣ በሰበታ" በሉት።

ከአየር ጤና በወለቴና በአለም ገና አድርጋችሁ ሰበታ ትገባላችሁ። ከሰበታ አለፍ ብሎ አስፋልቱን ትታችሁ ወደ ቀኝ ወደ ኮረኮንቹ ትታጠፋላችሁ። በሚኒባስ ሰበታ መድረስ ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው ችግሩ። በእግር ከሄዳችሁት ተራራውን ሳትጀምሩ ጉልበታችሁ ያልቃል። አምስት ስድስት ሆናችሁ ኮንትራት መኪና ብትይዙ ይረክሳል። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ከፍ ያለ፣ ቢቻል በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይሁን። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ እዚያው እንዲጠብቅ ተስማሙ። "ትቼያችሁ ሄጄ ማታ እመጣለሁ" የሚልን ሾፌር እሺ አትበሉት። ስልካችሁ ባይሠራ በማን በኩል ልትጠሩት ነው?

ሳንባና እግር

አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ ግማሹን ሥራ ሠርታችኋል። ከተማው ራሱ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ስትተነፍሱ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ወጨጫ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ይሰማችኋል፤ ግን አይጥላችሁም።

ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። እነዚህ ከተሞች ባሕር ጠለል አጠገብ ናቸው። ቅዳሜ ሌሊት ከአውሮፕላን ወርዶ እሁድ ተራራ አይወጣም። ሦስት አራት ቀን አዲስ አበባ ይቆይ፣ አንድ ጠዋት እንጦጦን ይሞክር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር አብረው ከመጡ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መውረድ። "ትንሽ አረፍ ብሎ ይሻለዋል" ብሎ ወደ ላይ መቀጠል አደጋ አለው። ሰውየውን ብቻውን ወደ ታች መላክም እንደዚያው።

ለመለማመድ ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ በእግር እንጦጦ ማርያም መውጣት ጥሩ ነው። ሳታቆሙ፣ እያወራችሁ መውጣት ከቻላችሁ ለወጨጫ ዝግጁ ናችሁ። ማውራት ካቃታችሁ ጥቂት ሳምንት ደጋግሙት። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ያማክር።

ጫማ፣ ልብስ፣ ጓዝ

ጫማው አዲስ አይሁን። ማክሰኞ የተገዛ ጫማ እሁድ ተረከዝ ይልጣል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ቡትስ ይመረጣል። መርካቶ ሳልቫጅ ውስጥ ደህና ቡትስ ይገኛል፤ ስትገዙ ሶሉን በእጃችሁ አጥፋችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ሙጫው እየለቀቀ ከሆነ ተራራ ላይ አፉን ይከፍታል። ቡትስ ከሌለ ጥሩ ስኒከር ይበቃል። ሸራ ጫማና ለስላሳ ሶል ያለው ነገር ግን ይቅርባችሁ። ወደ ታች ስትወርዱ ደረቅ የጥድ ቅጠል ላይ ትንሸራተታላችሁ።

ካልሲ ሁለት ያዙ፤ አንዱ እግር ላይ፣ አንዱ ቦርሳ ውስጥ። የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ። ቀልድ አይደለም። በመውረጃው ላይ ረጅም ጥፍር የጫማውን ጫፍ ሲመታ ውሎ ማታ ይጠቁራል።

ልብስ በድርብርብ ይለበሳል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ጫፉ ላይ ነፋስ አለ። ከስር ቲሸርት፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ስስ ጃኬት። ጂንስ ሱሪ አይመችም፤ ከረጠበ አይደርቅም፣ ይከብዳል። ሱሪው ረጅም ይሁን። ምክንያቱን ሳማው ያስረዳችኋል።

ዱላ ያዙ። አያቶቻችን ያለ ዱላ መንገድ የማይወጡት በከንቱ አይደለም። ሽቅብ ላይ ይገፋል፣ ቁልቁል ላይ የጉልበትን ሸክም ይቀንሳል፣ ከገበሬ ውሻ ጋርም ያስማማል። ቁመቱ ክርናችሁ ጋ ቢደርስ ደህና ነው። ከደኑ ግን እርጥብ እንጨት አትቁረጡ፤ ክልክል ነው።

ቦርሳ ስታዘጋጁ ከባዱን ነገር ወደ ጀርባችሁ አስጠጉት። ጃኬቱ ከላይ ይሁን፤ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ነው። ልብሳችሁን ሁሉ በፌስታል ጠቅልሉት። ሌላው ጓዝ ብዙ አይደለም፦ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ ሁለት ፓኬት ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠው የፈሳሽ መተኪያ ጨው)፣ ፊሽካ፣ ኮፍያ፣ ሶፍት፣ ለቆሻሻ የሚሆን ባዶ ፌስታል። ባትሪም አትርሱ፤ የስልክ መብራት አይበቃም። ግንባር ላይ የሚታሰረው ዓይነት ቢሆን እጃችሁ ነፃ ይሆናል።

ስንቅ

ውሃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር። 3 ኪሎ ነው፤ ይከብዳል፤ ግን እየቀለለ ነው የሚሄደው። ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ይበቃችኋል ማለት ነው። ሳይጠማችሁ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ ጠጡ። የተራራው ምንጭ ጥርት ብሎ ቢታይም በላዩ ከብት ይሄዳል፤ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አትጠጡት። ሾፌሩ ጋ መኪና ውስጥ ተጨማሪ ውሃ ይቅር። ስትመለሱ ትመርቁኛላችሁ።

ለምግብ ነገር የአገራችንን የመንገድ ስንቅ የሚያክል የለም። ቆሎ በኪስ ይያዛል፣ እየተራመዱ ይበላል። ዳቦ ቆሎ እንደዚሁ። ጭኮ ትንሽ ሆኖ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ቶሎ አይለቅም። ለጾም ቀን በሶ በስኳር ወይም በማር በጥብጦ መጠጣት ነው። ለምሳ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ በቂ ነው። ወጥ ይዞ መሄድ ይፈስሳል፣ ከበሉት በኋላም እንቅልፍ ይጥላል። ምሳውን በአንድ ጊዜ ከምትጨርሱት ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ 5 ሰዓት ላይ፣ ግማሹ ከመውረዳችሁ በፊት። ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ጫፉ ላይ ምን እንደሚያደርግ እዚያው ታዩታላችሁ።

ስልኩ

የስልኩ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ሆናችሁ ማፕስ ዶት ሚ ወይም ኦስምአንድ በሚባሉት የካርታ መተግበሪያዎች ላይ የአካባቢውን ካርታ አውርዱ። መኪናው የቆመበት ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ኔትወርክ እየፈለገ ባትሪውን እንዳይጨርስ። ከቡድኑ ቢያንስ አንድ ሰው ስልኩን አጥፍቶ ይያዝ። ሁላችሁም ቪዲዮ ስትቀርጹ ውላችሁ ማታ ሁሉም ስልክ ሲጠፋ የሚያናድድ ነገር ነው። ከኢትዮ ቴሌኮምም ከሳፋሪኮምም ሲም ያለው ሰው በቡድኑ ውስጥ ቢኖር አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሊይዝ ይችላል።

ከከተማ ሳትወጡ ለአንድ የቤተሰብ ሰው ጻፉለት። የት እንደምትሄዱ፣ ማን ማን እንዳለ፣ የሾፌሩን ስልክና "እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካልደወልን ለሾፌሩ ደውል" የሚል። አጭር ናት። ምሽት ላይ ደህና መግባታችሁን መንገርም አትርሱ፤ አለዚያ እናታችሁ ሳይተኙ ያድራሉ።

ደኑ ውስጥ

ስትጀምሩ ቀስ በሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ከሁሉም ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ፊት ይቅደም። ጎበዙ ኋላ ይሁን። ይህን ካደረጋችሁ ቡድኑ አይበታተንም። መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ቆማችሁ ተቆጠሩ፤ ዞር ብላችሁም ከኋላችሁ ያለውን እዩ። ዱካ ስትወጡትና ስትወርዱት መልኩ ይለያያል። መታጠፊያ ላይ አንድ ፎቶ ማንሳት ሲመለሱ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ስለ ደኑ የሚነገረው ታሪክ ረጅም ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እዚህ እንዳስተከሉ ይነገራል። በአፍሪካ ውስጥ ቀደም ብለው ከተጠበቁ ደኖች አንዱ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ምኒልክም በኋላ ጥበቃ አድርገውለታል። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት እያለቀ ባሕር ዛፍ ሲገባ ይህ ጎን ተርፏል።

ከፍታችሁን ከዛፉ ማወቅ ይቻላል። ከስር የአበሻ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ነው። አንድ ትልቅ ጥድ ስር ቁሙና ግንዱን ንኩት፤ ቅርፊቱ በረጅም ቀጭን ክር እየተላጠ ይንጠለጠላል፣ ጣታችሁም ላይ ሽታው ይቀራል። ወደ ላይ ስትሄዱ ኮሶ ይመጣል፤ ቅርፊቱ ቀላ ያለ ነው፣ ሴቷ ዛፍ ስታብብ ቀይ ዘለላ ታንጠለጥላለች። ከዚያ ዛፉ እያጠረ ይሄድና ቅጠሉ ደቃቃ የሆነው አስታና ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ ይጀምራል። አስታ ማየት ከጀመራችሁ ጫፉ እየቀረበ ነው። ሰዓታችሁን እዩ። 6 ሰዓት ተኩል ሆኖ አሁንም ትልልቅ ጥድ ስር ከሆናችሁ በዚህ ቀን ጫፍ የለም። ጥሩ ቦታ ፈልጋችሁ ምሳችሁን ብሉ።

ጠዋት ላይ ከላይ እንደ ሞተር የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ ጉሬዛ ነው። ቆማችሁ ጠብቁ፤ ነጩ ጭራ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ድኩላም አለ፤ ዝም ላለ ቡድን ነው የሚገለጠው። ስትቀመጥ አረንጓዴ ሆና ስትበር ክንፏ ቀይ የሆነች ወፍ ካያችሁ ሶሪት ናት። ነብር አለ ይባላል፤ እሱ ግን ቀድሞ ሰምቷችሁ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ዝንጀሮ ነው። ምግብ አታሳዩት፣ አትስጡት፣ የሙዝና የብርቱካን ልጣጭም አትጣሉለት። አንዴ ከለመደ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው ቦርሳ ይነጥቃል።

ሳማን መለየት ተማሩ። ቅጠሉ በጥርስ የተከበበ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ጠጉሩ በብርሃን ያበራል። የዱካው ዳር ላይ ሚዛን ስታጡ እጃችሁ የሚዘረጋው ወደ እሱ ነው። ጉንዳን ሰልፍ ካያችሁ ተሻገሩ እንጂ አትቁሙ፤ የሱሪያችሁን ጫፍ ካልሲ ውስጥ አስገቡ።

ከአካባቢው ሰው ጋር ሰላም ተባባሉ። አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። "አካም" ብላችሁ ጀምሩ። መንገድ ለመጠየቅ "ካራን ኩን ኤሳ ጌሳ?" (ይህ መንገድ የት ያደርሳል?) በሉ፤ ውሃ "ቢሻን" ነው፤ ስትለዩ "ገላቶማ" ብላችሁ አመስግኑ። ሳታስፈቅዱ ሰው ፎቶ አታንሱ። ማሳ ውስጥ አቋርጣችሁ አትሂዱ።

እሳት በፍጹም አይነድም። በበጋ ደረቅ የጥድ ቅጠል ለመያያዝ ሰበብ አይፈልግም። የሲጋራ ቁራጭም ተጠቅልሎ ኪስ ይገባል። ለመጸዳዳት ከውሃና ከዱካ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፤ ጉድጓድ ቆፍራችሁ መልሱት። ሶፍቱ ግን በፌስታል ይመለሳል።

ጫፉና መውረጃው

ጫፉ ላይ ላባችሁ ሳይበርድ ጃኬት ልበሱ። በጥሩ ቀን በአንድ በኩል አዲስ አበባ ተዘርግታ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ዝቋላ ብቻውን ተነጥሎ ይታያል። ፎቶ ስትነሱ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ አይሁን።

ደመና እየጠቆረ ከመጣ ሻዩን ተዉት። መብረቁን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ቦታው አደገኛ ነው፣ ወዲያው ከጫፉ ውረዱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር አትጠለሉ።

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በመውረጃው ላይ ነው። እግር ደክሟል፣ ልብ ቤት ገብቷል። ከመጀመራችሁ በፊት ጫማችሁን ፈታችሁ ተረከዛችሁን ወደ ኋላ መታ አድርጉና እንደገና ከቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ጣቶቻችሁ ከፊት እንዳይመቱ ነው። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ። አትሩጡ። ወጣቶች ካሉ ይሮጣሉ፤ አስቁሟቸው።

አንድ ሰው እግሩ ቢወለም ጫማውን አላልታችሁ በፋሻ ጠቅልሉለት፣ ፓራሲታሞል ስጡት፣ ዱላ አስይዙት። መራመድ ካልቻለ አንድ ሰው አብሮት ይቅር፣ ሁለት ሰው ከአስጎብኚው ጋር ተነጋግሮ ለእርዳታ ይውረድ። ለዚህ ነው ከአራት ሰው ባነሰ አትውጡ የምለው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥሩ 907 ነው፤ ግን አምቡላንስ ዱካ ላይ አይወጣም፣ ሰውየውን እስከ መኪና መንገዱ የምታደርሱት እናንተና የአካባቢው ሰዎች ናችሁ። ብትጠፉ ደግሞ ባላችሁበት ቁሙና ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ንፉ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት። ወንዝ ተከትሎ መውረድ ገደል ላይ ያደርሳል።

ግቢው ስትደርሱ ለጥበቃው መመለሳችሁን ተናገሩ፤ ቁጥራችሁን ያረጋግጥ። አስጎብኚውን ክፈሉ። ጫማ ቀይሩ፤ ሾፌሩ ወንበሩን ስለሚወድ።

ማታ ከመታጠባችሁ በፊት ብብትና የጉልበት ኋላ ላይ መዥገር ካለ ተመልከቱ። ካገኛችሁ በወረንጦ ወደ ቆዳው አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ አታቃጥሉት፣ ቅባትም አትቀቡት። በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል፤ ጭናችሁ ነው፣ ያልፋል። ከመተኛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተነሳችሁ፣ አስታው ጋ ስንት ሰዓት ደረሳችሁ፣ መውረጃው ስንት ፈጀ። በሚቀጥለው ተራራ ከስኮትላንዳዊው ስሌት ይልቅ የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ነው የምትቆጥሩት።